ልጅ ትንፋሽ ሲያጥረው፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ጤና ጣቢያ እስከ ስፔሻሊስት ሐኪም የሚያደርስ ዝርዝር መመሪያ

ሁለተኛው ልጄ በዓመት ከሰባት ወሩ ለሦስተኛ ጊዜ «ሳንባ ምች ነው» ተብሎ ሆስፒታል ተኛ። ሦስቱም ጊዜ ቀኝ ሳንባው ነበር። መርፌው ሲጀመርለት ትኩሳቱ ይወርዳል፣ መብላት ይጀምራል፣ እንወጣለን፤ ወር ሳይሞላው ሳሉ ይመለሳል። ነርስ ነኝ፤ ያኔ የምሠራው አዋቂዎች ክፍል ነበር። በአራተኛው ጊዜ ያየችው የሕፃናት ሐኪም ገና ሳትመረምረው ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና «ሲስተር፣ ሳሉ መጀመሪያ የመጣበት ዕለት ልጁ ምን እያደረገ ነበር?» አለችኝ።

ለውዝ እየበላ ነበር። እናቴ የባቢሌ ለውዝ ለታላቁ ስትፈለፍል ትንሹ ከምንጣፉ ላይ አንስቶ አፉ ከተተ። ትን አለው፣ ፊቱ ጠቆረ፣ ጀርባውን መታ መታ ስናደርገው አለቀሰ፣ «ተመስገን» ብለን ረሳነው። ከዚያ በኋላ ላዩት ሐኪሞች ሁሉ አልነገርኳቸውም፤ ከሳሉ ጋር አላገናኘሁትማ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሄዶ በብሮንኮስኮፒ (የአየር ቧንቧ ውስጥ በሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ) ከቀኝ የአየር ቧንቧው የወጣለት ግማሽ ፍሬ ለውዝ ነው።

አሁን የምሠራው ሕፃናት ክፍል ነው። ሳንባ የሚያውቅ ሐኪም ዘንድ መድረስ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ያ ሐኪም ስለ ልጃችሁ የሚያውቀው እናንተ ይዛችሁለት የመጣችሁትን ያህል ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው መንገዱን ከቤት ጀምሮ በየደረጃው ነው፤ በየደረጃው ምን መያዝ፣ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁም ጭምር።

ደረጃ 1፦ ቤት ውስጥ ትንፋሹን ቁጠሩ

ልጁ ሲተኛ ወይም ጸጥ ሲል ልብሱን ገልጣችሁ ደረትና ሆዱን እያያችሁ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ስልካችሁን 60 ሰከንድ ላይ ሙሉት። ሩብ ደቂቃ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ያሳስታል፤ የሕፃናት አተነፋፈስ ወጣ ገባ ነው፣ ፈጠን ብሎ ቀዝቀዝ ይላል። እያለቀሰ ወይም እየጠባ ያለ ልጅ አይቆጠርም። ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት፣ ትኩሳትም ከተጨመረበት፣ ጤነኛ ሳንባ ያለው ልጅ እንኳ ሊያለከልክ ይችላል፤ ልብሱን አቅልላችሁ፣ ነፋስ ያለበት አስተኝታችሁ ድገሙት።

ከሁለት ወር በታች ለሆነ ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ይባላል። ጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያም የሚጠቀመው እነዚህኑ ቁጥሮች ነው።

ቀጥሎ የታችኛውን ደረት እዩ። ልጁ አየር ሲያስገባ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ሳንባው ጠንክሮ እየታገለ ነው። ከዚህ ሌላ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ ወይም ሲቀሰቀስ ካልነቃ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ካቃሰተ፣ ሳያለቅስ ጉሮሮው ሲር የሚል ድምፅ ካሰማ፣ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ሰማያዊ ከሆነ፣ አንዱም ቢሆን «እስኪነጋ» አይባልም። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ሲሆን ደግሞ ፈጣን ትንፋሽ ብቻውን፣ ወይም ትኩሳት፣ ወይም ገላው መቀዝቀዝ ይበቃል፤ በዚያ ዕድሜ ቶሎ ነው የሚብስባቸው።

አንድ ነገር አደራ፦ በስልካችሁ የደረቱን እንቅስቃሴና ድምፁን አንድ ደቂቃ ቅረጹ። ሌሊት ሲያቃስት ያደረ ልጅ ጠዋት ሐኪም ፊት ሲስቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቪዲዮው ሌሊቱን ለሐኪሙ ያሳየዋል።

እስከዚያው ቅቤ ወይም ዘይት አታስውጡት፣ አፍንጫውም ውስጥ አታንጠባጥቡ። ሲተናነቅ ወደ ሳንባው የገባ ቅባት አይሟሟም፤ ራሱን የቻለ ሌላ የሳንባ ምች ያመጣል። እንጥል ማስቆረጥም እንዲሁ፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ተሸክመው የሚመጡ ሕፃናት ዛሬም አሉ። እናቶችንና አያቶችን ለመውቀስ አይደለም፤ ልጅ ለማዳን የሚያደርጉት ነው። ግን ተዉት።

ደረጃ 2፦ የትኛው በር?

ሁለት ወር ያለፈው ልጅ ትንፋሹ ፈጣን ሆኖ ሌላ የአደጋ ምልክት ከሌለው በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ይበቃዋል። በውኃ የሚሟሟ አሞክሲሲሊን፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለአምስት ቀን ይሰጠዋል። በሦስተኛው ቀን ቢስቅም ቢጫወትም አምስቱን ቀን ጨርሱ፤ ለሌላ ጊዜ ብላችሁ አታስቀሩ፣ የጎረቤት ልጅ ያስተረፈውንም አትስጡ። በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ካልተሻለው ተመለሱ።

ከላይ ከዘረዘርኳቸው የአደጋ ምልክቶች አንዱን ካያችሁ በቀጥታ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል። ድሬዳዋ ላይ ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታልና ሳቢያን ሆስፒታል አሉ። ሐረር ላይ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው ሕይወት ፋና ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ጁገል ሆስፒታል አሉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። አምቡላንስ ከዘገየ ባጃጅም ቢሆን ያዙ፤ ልጁን ጀርባችሁ ላይ አዝላችሁ ደረቱን አታጣብቁት፣ ፊት ለፊት ቀጥ አድርጋችሁ ታቀፉት።

የማኅበረሰብ ጤና መድን ያላችሁ፣ ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር እያጻፋችሁ ውጡ። ደረጃውን ዘላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የመድን ደብተሩ የታደሰ መሆኑን ልጁ ደኅና ሳለ እዩ።

ደረጃ 3፦ የልጁን ታሪክ በአንድ ገጽ ጻፉ

ከሁሉም ደረጃ እዚህ ላይ ብትቆዩልኝ ደስ ይለኛል። ርካሽ ደብተር ግዙ፤ የመጀመሪያውን ገጽ ለታሪኩ፣ የቀረውን ለቀናት። ተረኛው ኢንተርን፣ ሬዚደንቱ፣ ከዚያ ሲኒየሩ፣ ሦስቱም እየደጋገሙ ይጠይቋችኋል። በሦስተኛው ጊዜ የደከመች እናት ታሳጥራለች፤ የሚያሳጥረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገውን ነው።

ሳሉ የጀመረበትን ቀን ጻፉ፤ በቀኑ ብቻ ሳይሆን በሁኔታው። ከጉንፋን ጋር ቀስ እያለ መጣ ወይስ በአንዴ? ትን ብሎት ያውቃል? ምን እየበላ፣ ምን እየተጫወተ? ሌሊት ይብሳል ወይስ ሲሮጥ? ሲጠባ ያልበዋል፣ ይደክመዋል? (ይህ ልቡንም እንዲያዩ ያደርጋል።) ሲውጥ ያስለዋል? በስንት ወሩ ተወለደ፣ ሲወለድ ኦክስጅን ተደርጎለት ነበር? ቤት ውስጥ ወይም ሞግዚቷ ዘንድ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለበት፣ ወይም የቲቢ መድኃኒት የወሰደ ሰው አለ? ከቤተሰቡ አስም ያለበት፣ ቆዳው የሚያሳክከው? ምግብ የሚበስለው በከሰል ነው ወይስ በእንጨት፣ ልጁስ የሚተኛው የት ነው?

ቀጥሎ ክብደት። የልጅ መድኃኒት ሁሉ የሚሰላው በኪሎ ስለሆነ የመጨረሻውን ክብደት ከነቀኑ፣ የቀደሙትንም ከክትባት ካርዱ ገልብጡ። «ሦስት ወር ሙሉ ክብደቱ አልጨመረም» የሚል መስመር ከብዙ ወሬ በላይ ሐኪም ያነቃል። የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ጠርሙስና ካርቶን ፎቶ አንሱ። የኤክስሬይ ፊልሙን ራሱን ያዙ፤ «ምች አለው» የሚል ወረቀት ብቻ ለቀጣዩ ሐኪም ብዙም አይረዳውም። ፊልሞቹ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ነው የእኔ ልጅ ችግር ሁሌ አንድ ቦታ እንደነበር የታየው።

ደረጃ 4፦ ድንገተኛ ክፍልና አልጋ

መጀመሪያ ጣቱ ላይ መቆንጠጫ መሣሪያ ያደርጉለታል፤ በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይለካል። «ሳቹሬሽኑ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ከነሰዓቱ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ኦክስጅን ይደረግለታል። እጁ ቀዝቅዞ ከሆነ አሙቁት። ለበዓል ወይም ለሠርግ ጥቁር ሂና ወይም የጥፍር ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ንገሯቸው፤ ንባቡን ሊያዛባው ስለሚችል ሌላ ጣት ወይም የእግር አውራ ጣት ይሞክራሉ።

ኦክስጅን የሚፈሩ ቤተሰቦች አሉ። «እሱን ካደረጉለት አይተርፍም» ይባላል፤ ቱቦውን ከአፍንጫው አውጥተው የሚደብቁም አጋጥመውኛል። ወሬው የመጣው ኦክስጅን የሚደረግላቸው በጣም የታመሙት ስለሆኑ ነው። ከ90 በታች ለወረደ ልጅ ኦክስጅን እንደ አሞክሲሲሊን ያለ መድኃኒት ነው፤ ሲሻለው ይቀነሳል፣ ከዚያ ይነሣል። ቱቦው ከወጣ ወይም አፍንጫው ከተዘጋ ነርሷን ጥሩ። አጠገቡ ክብሪት፣ ሲጋራ፣ ዕጣን አይለኮስም።

ከዚህ አልፎ የሚደክም ልጅ ባብል ሲፓፕ የሚባል የመተንፈሻ ድጋፍ ሊደረግለት ይችላል። ከአፍንጫው የሚወጣው ቱቦ ሌላ ጫፉ ውኃ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ አረፋ ሲያወጣ ታያላችሁ። አረፋው ሳንባው ሙሉ በሙሉ እንዳይጨማደድ የሚይዘው ግፊት መኖሩን ይናገራል፤ ድንገት ካቆመ ተጣሩ።

ምግብ አታስገድዱት። እያለከለከ የሚውጠው ወተት መንገዱን ስቶ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ጡት በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ፤ ካልቻለ የታለበ ጡት በአፍንጫ ቱቦ። ቱቦው አስቀያሚ ይመስላል እንጂ ከገባ በኋላ ብዙም አያሳምመውም፤ ጉልበቱን ለመተንፈስ ይተውለታል።

የደም ሥር መርፌዎቹ ከተጀመሩ ወደ 48 ሰዓት ገደማ ላይ የለውጥ ምልክት ይጠበቃል። ያን ጊዜ ካልተሻለው፣ ሐኪሞቹ በየአልጋው በሚዞሩበት በራውንድ ሰዓት ቀስ ብላችሁ «ዶክተር፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» በሉ። በጥያቄ የሚከፋ ሐኪም ጥቂት ነው። በሳንባው ዙሪያ ፈሳሽ ወይም መግል ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል፤ በአልትራሳውንድ ይታያል፣ በቱቦ ይወጣል። ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ አስም፣ የልብ ችግር፣ የገባ ባዕድ ነገርም ሊሆን ይችላል። የኤችአይቪ ምርመራ ሲጠይቋችሁ አትደንግጡ፤ መልሱ መድኃኒቱን ይለውጣል። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ስለወረደ ብቻ «በፊርማዬ ልውጣ» አትበሉ።

ደረጃ 5፦ ስፔሻሊስት የሚጠየቀው መቼ ነው?

በዓመት ሁለት ጊዜ ወይም በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ሳንባ ምች ከያዘው፤ ምቹ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከሆነ፤ አክታ ያለው ሳል ከአራት ሳምንት ካለፈ፤ ክብደት ካልጨመረ፤ የጣቱ ጫፍ ወፍሮ ጥፍሩ ከጎበጠ፤ ኦክስጅኑ ሲነሣ ሳቹሬሽኑ እየወረደ አልወጣ ካለ፤ ትን ካለው በኋላ ከዚያ በፊት ያልነበረበት ሳል ከጀመረው። ከእነዚህ አንዱ ካለ «ሪፈር ያስፈልገዋል ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። በሐረርም በድሬዳዋም የሕፃናት ስፔሻሊስቶች አሉ፤ አብዛኛው ልጅ እዚሁ ይታከማል። ለሲቲ ስካን፣ በተለይ ለሕፃናት ብሮንኮስኮፒና ለደረት ቀዶ ሕክምና ግን እንደ ጥቁር አንበሳ ወዳሉ የአዲስ አበባ ሆስፒታሎች መላክ ሊኖር ይችላል።

ስለ ለውዝ አንድ ነገር ልጨምር። ኤክስሬይ ላይ ለውዝ፣ ባቄላ፣ ፕላስቲክ አይታይም፤ ሳንቲምና ሚስማር እንጂ። ኤክስሬዩ «ንጹሕ ነው» ከተባለ በኋላም ታሪኩ ካለ ብሮንኮስኮፒ ተገቢ ነው። ስለዚህ «ምንም አልታየም» ስትባሉ ታሪኩን ድገሙት።

ቲቢ ከተጠረጠረ፣ ትንሽ ልጅ አክታ መትፋት ስለማይችል በባዶ ሆዱ ማለዳ ከጨጓራው በቀጭን ቱቦ ይወሰዳል፤ ሰገራም ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የቲቢ መመርመሪያ መሣሪያ ሊመረመር ይችላል። ጠዋት ጡት ከሰጣችሁት የጨጓራው ናሙና ይበላሻል፤ ማታውኑ ጠይቁ። በልጅ ላይ ምርመራው ነጻ ቢልም ሐኪሙ በታሪኩና በኤክስሬዩ ተነሥቶ ሕክምና ሊጀምር ይችላል፤ አይግረማችሁ። የቲቢ መድኃኒት በመንግሥት ተቋማት በነጻ ነው። ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር ይወሰዳል፤ ለቀለል ያለው ዓይነት አራት ወር የሚበቃበትም አለ።

ደረጃ 6፦ ጉዞው

ይህን ክፍል ብዙ ሰው አያስብበትም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረር 1,885። በመካከላቸው 55 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ፤ ከድሬ ወጥታችሁ ደንገጎን ስትጠመዘዙ፣ ሐረማያና አወዳይን ስታልፉ አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። ድሬዳዋ ላይ 91 ያነበበ ልጅ ደንገጎ አናት ላይ ከ90 ሊወርድ ይችላል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ መንገዱም ከ450 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ዳር ላይ ያለ ልጅ ከመነሣቱ በፊት አምቡላንሱ ውስጥ ኦክስጅንና የጣት መለኪያ መኖሩን አረጋግጡ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የሲሊንደሩን ሊትር ጌጁ (የግፊት መለኪያው) በሚያሳየው ባር አባዙት። 10 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር 1,500 ሊትር ኦክስጅን ይዟል። ልጁ በደቂቃ 2 ሊትር ከፈለገ 750 ደቂቃ፣ ማለትም አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ጌጁ 40 ባር ላይ ከሆነ ግን ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ብቻ፤ ለሐረር ይበቃል፣ ለአዲስ አበባ ጭሮ ላይ ያልቃል። ላሰባችሁት ሰዓት እጥፉን ያዙ፤ መኪና ይበላሻል፣ መንገድ ይዘጋል።

በአውሮፕላን ከሄዳችሁ የጓዳው አየር ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ያህል ሊሳሳ ይችላል። ኦክስጅን የሚያስፈልገው ልጅ ካለ አየር መንገዱ ከቀናት በፊት ማወቅ አለበት። በሳንባው ዙሪያ አየር የፈሰሰበት ልጅ ሐኪም ሳይፈቅድ አይበርም።

ሪፈር ወረቀቱ ላይ የተሰጡት መድኃኒቶች ከነቀናቸው፣ የመጨረሻው ሳቹሬሽንና ክብደት መጻፋቸውን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። ላኪው ሐኪም ተቀባዩን ሆስፒታል ደውሎ አልጋ መኖሩን እንዲያረጋግጥ ለምኑ። እኛ ሳይደወልልን ሄደን ልጄን እንደታቀፍኩ ሙሉ ሌሊት ኮሪደር ላይ አድሬአለሁ።

ደረጃ 7፦ ቤት ሲመለስ

አስም ነው የተባለ ልጅ በሽሮፕና በኪኒን ብቻ እንዳይቀር ስለ ፓፍ (በአፍ የሚሳብ የሚነፋ መድኃኒት) ጠይቁ። ሳልቡታሞል ፓፍ የተዘጋውን ቧንቧ ለጊዜው ይከፍታል፤ ቤክሎሜታዞን ያለ ሕመምም በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ ነው፣ ከወሰደ በኋላ አፉን ይጉመጥመጥ። ትንሽ ልጅ ግን ፓፍ በቀጥታ አፉ ውስጥ ቢነፋለት ጉሮሮው ላይ ይቀራል። መሐል ላይ ስፔሰር (ፓፉንና አፉን የሚያገናኝ ባዶ ዕቃ) ያስፈልጋል፤ ካጣችሁ ግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ውኃ ጠርሙስ ይሠራል። የፓፉን አፍ ቅርጽ በጋለ ሽቦ ጠርሙሱ ቂጥ ላይ ብሱ፣ ፓፉ ጥብቅ ብሎ ይግባ፣ ክፍተቱን በፕላስተር ዝጉ። የጠርሙሱ አፍ የልጁ አፍ ላይ ይሆናል፤ ከአራት ዓመት በታች ከሆነ የፊት ማስክ ይያያዝበት። በሳሙና ውኃ እጠቡት፣ ሳትወለውሉ ራሱ ይድረቅ፤ መወልወል መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ እንዲለጠፍ ያደርጋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠቀሙ ጥቂት ፓፍ ወደ ውስጡ ነፍታችሁ ግድግዳውን በመድኃኒቱ አልብሱት።

አወሳሰዱ፦ ፓፉን አራግፉ፣ አንድ ብቻ ንፉ፣ ልጁ አምስት ስድስት ጊዜ ይተንፍስ፤ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ቀጣዩን። ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ መንፋት መድኃኒት ማባከን ነው። ስንት ፓፍ እንደሚወስድ ሐኪሙ ደብተራችሁ ላይ በቁጥር ይጻፍላችሁ። ወስዶ መናገር ካቃተው፣ ወይም በሃያ ደቂቃ ካልተሻለው እየደገማችሁ ወደ ሆስፒታል ገስግሱ።

ጭስን በተመለከተ፣ ከሰሉ በረንዳ ላይ ይቀጣጠል፣ ልጁ ጭሱ ካለበት ክፍል አይተኛ። ዕጣኑም ቢሆን ሳንባው ለታመመ ልጅ ጭስ ነው፤ ቡናው ውጪ ይፈላ፣ ዕጣኑ ለጊዜው ይቅር። ቤት ውስጥ የሚያጨስ ካለ ከግቢ ውጪ ይሁን።

ክትባት፦ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው የሳንባ ምች ክትባት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በመደበኛው ፕሮግራም ውስጥ አለ። ያመለጠው ካለ ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ።

ለውዝ ደግሞ አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ሙሉውን አይሰጥም፤ ተፈጭቶ በቅቤ መልክ ወይም በሾርባ እንጂ። ትን ካለውና ማሳልም ማልቀስም ካቃተው፣ ከዓመት በታች ከሆነ በክንዳችሁ ላይ በሆዱ አስተኝታችሁ፣ ጭንቅላቱ ዝቅ ብሎ፣ በትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ ምቱት፣ ገልብጣችሁ ደረቱን በሁለት ጣት አምስት ጊዜ ጫኑ። ከዓመት በላይ ከሆነ አምስት ጀርባው ላይ፣ ከዚያ ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርቱ በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ። የማይታይ ነገር ለማውጣት ጣት ጉሮሮው ውስጥ አትክተቱ። ሳሉ ቆሞ መጫወት ቢጀምርም ያንኑ ቀን ሆስፒታል ውሰዱት፤ ካርድ ስታወጡ፣ ነርሷ ስትጠይቃችሁ፣ ሐኪሙ ሲያየው፣ ለእያንዳንዳቸው «ለውዝ ትን ብሎት ነበር» በሉ።